ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዘፍ ሻይ

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚያች ብርዳም ከተማ ሻይ የሚጠጣው እጅን ለማሞቅ ጭምር ስለሆነ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ማለት በእኛ ቤት ወይ ተመልሶ የሚጣድ ወይ የሚደፋ ነገር ነበር። ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወስደኝ ግን ጣርማ በርን አልፈን የደብረ ሲናን ቁልቁለት ስንያያዘው በመጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ወርደን ስናበቃ የሻይ አምሮቴ አብሮኝ ወርዶ ነበር፤ የሚያስጠጣ አየር ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ልበል። የውጭ አገር ሰዎች ቀዝቃዛ ሻይ የሚዘፈዝፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እኛ ዘንድ እነዚያ ወራት የዝናብና የጭቃ ናቸው። የሮቢት ሰው የሚጨነቀው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚወጣባቸው ቀናት ነው።

በመጀመሪያው ግንቦት ያደረግሁት ማንም የሚያደርገውን ነው፤ ሻይ አፍልቼ፣ ስኳር ጨምሬ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥሁት። በማግስቱ ያገኘሁት መጠጥ መልኩ የደፈረሰ፣ ምላስን የሚያኮማትር ነበር። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። የፈላ ውሃ ከቅጠሉ ውስጥ ታኒን የተባሉትን የሚያኮማትሩ ንጥረ ነገሮችና ካፌይኑን በብዛት ይስባል፤ ሻዩ ሲቀዘቅዝ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ተያይዘው ይረጉና ውሃውን ያደፈርሱታል። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ፣ ማለትም በአነስተኛ ሙቀት፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ፣ ሮቢት ላይ ደግሞ 96 ገደማ ስለሆነ፣ ያው የእናቴ ልክ እዚህ ይበልጥ ሳይጠነክርብኝ አልቀረም።

በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለሻይ ጣፋጭነትና ለዛ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች በቅዝቃዜም ቢሆን በቀላሉ ይሟሟሉ፤ ታኒኑ አብዛኛው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል፤ ካፌይኑም በዝግታ ይወጣል። ጃፓኖች አረንጓዴ ሻያቸውን በዚህ መንገድ ሲያዘጋጁት ሚዙዳሺ ይሉታል። የእኛው ጥቁር ሻይ በአብዛኛው በመኪና ተከትክቶ እንደ ፍርፋሪ የደቀቀ በመሆኑ ቶሎ ይወጣለታል፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ ቅጠል አድርጌ፣ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼ፣ ስምንት ሰዓት ያህል አቆይቼ አወጣዋለሁ። ማጥለያ ብቻውን ደቃቁን አይዝም፤ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ደግሜ አጠልለዋለሁ። መልኩ እንደ ማር ብርዝ የጠራ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከአንድ ጥፋት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዝፍዝፍ ከቧንቧ በቀጥታ በቀዳሁት ውሃ ሠርቼ፣ ማቀዝቀዣው ሞልቶ ስለነበር መስኮት ሥር አሳደርሁት። የሮቢት ሌሊት ደግሞ ሌሊት አይባልም። ጠዋት ሽታው ተለውጦ፣ ሲቀዳም እንደ ተልባ ይሳብ ነበር። ሻይ ስናፈላ እሳቱ ሳናስበው የሚሠራልንን ጀርም የመግደል ሥራ ቀዝቃዛ ውሃ አይሠራውም፤ ለብ ያለ ውሃ እንዲያውም ጀርሙን ያራባዋል። ከዚያ ወዲህ ውሃውን አስቀድሜ አፍልቼ፣ ከድኜ ካቀዘቀዝሁ በኋላ ነው ቅጠሉን የምጨምረው፤ ማሰሮውንም በፈላ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ የተጠለለውንም ከማግስቱ አላሳልፈውም። መብራት ከአራት ሰዓት በላይ የጠፋ ዕለት ያለው ይደፋል፤ ሻይ ርካሽ ነው። ማሰሮ ፀሐይ ላይ አውጥተው ሻይ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም።

አንድ ነገር ግን ሳይሟላ ቆይቶ ነበር። አከራዬ፣ እንደ እናት የማያቸው ሴት፣ አንድ ብርጭቆ አቀረብሁላቸውና ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ሻይ ያለፈበት ውሃ? ቀረፋው የት ሄደ?» አሉኝ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሬ ነበር፤ ነገር ግን ዘይታቸው በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አይወጣም፤ ስኳሩም ሥር ላይ ተጋግሮ ቀርቷል። እኔ ቅመሙን ለማብዛት ሳስብ እርሳቸው፣ «እሱን ለብቻው አታፈላውም?» ብለው ነገሩን ጨረሱት። አሁን አንድ ስኒ ስኳር፣ አንድ ስኒ ውሃ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሦስት አራት ፍሬ ቅርንፉድና ጥቂት የተከካ ሄል ዐሥር ደቂቃ ያህል አንተክትኬ፣ አጥልዬ፣ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ። ለአንድ ብርጭቆ ከዚህ አንድ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። የውጭው አሠራር ቅመም የለበትም፤ እንደ እኔ ግን ቀረፋና ቅርንፉድ የሌለው ሻይ ግማሽ ሻይ ነው።

ሎሚ የሚጨመቀው ሲቀርብ ነው፤ አስቀድሞ ከገባ ልጣጩ ያመርረዋል። አሲዱ የሻዩን መልክ ወዲያው ስለሚያፈካው እንግዳ ፊት መጭመቁ ደስ ይላል። ጦስኝንም ሞክሬዋለሁ፤ ከደጋ ያመጣሁት አንድ ቀንበጥ ከቅጠሉ ጋር ሲዘፈዘፍ ሽታው ይወጣል፤ ከዚያ ከበዛ ግን መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ባለፈው ግንቦት ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ይዤላት ደብረ ብርሃን ወጣሁ። መልኩን በመስኮት አይታ አደነቀች፤ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና «ጥሩ ነው፣ አልመረረም» አለች። ከዚያም ጠርሙሱን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገልብጣ ከሰሉ ላይ ጣደችው።