አሮጌውን ማክሮ ከመሰረዜ በፊት

ሰሞኑን የፕሮግራማችንን ማዋቀሪያ ፋይል ከአውቶኮንፍ 2.69 ወደ 2.71 እያሻገርኩ ነው። አውቶኮንፍ ከዚህ ፋይል ኮንፊገር የሚባል ስክሪፕት የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ ስክሪፕቱ ፕሮግራሙ የሚገነባበትን ማሽን ይፈትሻል። በፋይሉ ውስጥ ማክሮ የምንለው፣ ወደ ረጅም የስክሪፕት ኮድ የሚፈታ አጭር ስም ነው። የድሬ ሙቀት የታወቀ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ከዚራ ሰፈር ያለው ቢሯችን ጭር ይላል፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚገፋው ያኔ ነው።

2.69 የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ 2.70 ደግሞ በ2020 መጨረሻ። ከስምንት ዓመት በላይ የተጠራቀመ ለውጥ በአንዴ ሲመጣ፣ ስክሪኑ «ይህ ማክሮ ጊዜው አልፎበታል፣ አውቶአፕዴትን አስኪዱ» በሚል ማስጠንቀቂያ ይሞላል። ብዙ ሰው አሮጌ ስሞችን በራሱ የሚተካውን ይህን መሣሪያ ያስኬድና ማስጠንቀቂያው ሲጠፋ እፎይ ይላል። እኔ ግን አንድ በአንድ መነበብ አለበት ባይ ነኝ።

ሁሉም እኩል አይደለማ! የእገዛ ጽሑፍ የሚያሰናዳውን ኤሲ_ሄልፕ_ስትሪንግን በኤኤስ_ሄልፕ_ስትሪንግ መተካት የስም ለውጥ ብቻ ነው። አዲሱ ስም በ2.69ም ይሠራል፤ ጣጣ የለውም። ኤሲ_ፕሮግ_ሲሲ_ሲ99 ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2.70 ወዲህ ሥራው ወደ ኤሲ_ፕሮግ_ሲሲ ስለተጠቃለለ ይሰረዝ ይባላል። በ2.69 ግን ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን) ወደ ሲ99፣ ማለትም ወደ 1999ኙ የሲ ቋንቋ ደንብ፣ የሚወስደው እሱ ነው።

ሐረር ያለው ባልደረባችን ፕሮግራሙን የሚገነባው ሴንትኦኤስ 7 በሚባል አሮጌ ሊኑክስ ላይ ነው። እዚያ አውቶኮንፉ 2.69፣ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ደግሞ 4.8 ነው። ይሄ ጂሲሲ ካልነገሩት በቀር በድሮው የ1990 የሲ ደንብ ነው የሚሄደው። መስመሩ ቢሰረዝ፣ በፎር ሉፕ (የድግግሞሽ ትእዛዝ) ቅንፍ ውስጥ ተለዋዋጭ ባወጅንበት ቦታ ሁሉ ስህተት ይደረድርበታል። ደውዬ ስለ ማሽኑ ስጠይቀው «አቦ፣ የሚቀይረው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ስላሻሻልን እሱ ሥራ መፍታት የለበትም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። የአውቶኮንፉን ዕትም በሚያጣራው በኤም4_ቨርዥን_ፕሪሪክ ለሁለት ከፈልኩት፦ 2.70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም አይጨምርም፣ ካልሆነ አሮጌውን ማክሮ ይጠራል። ከላዩ ለምን እንደተቀመጠ አስተያየት ጻፍኩበት፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ትርፍ መስሎት እንዳያጠፋው።

ከሁሉ የሚከፋው አውቶኮንፍ ማክሮዎቹን የሚፈታበት መሣሪያ፣ የኤም4፣ ዝምታ ነው። የማያውቀው ስም ሲያጋጥመው አይጮህም፤ እንዳለ ያሳልፈዋል። በኤሲ እና በኤኤም የሚጀምሩትን አውቶኮንፍ ራሱ ይይዛቸዋል። የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎች መኖራቸውን የሚፈትሸው ፒኬጂ_ቼክ_ሞጁልስ ግን፣ ማክሮውን ይዞ የሚመጣው ፒኬጂ-ኮንፊግ ያልተጫነበት ማሽን ላይ፣ ሳይፈታ ኮንፊገር ስክሪፕቱ ውስጥ ይገባል። ስህተቱ ብቅ የሚለው ስክሪፕቱ ሲሮጥ ነው፣ ያውም «የሰዋስው ስህተት» ተብሎ። ሰው ችግሩን ስክሪፕቱን በሚያስኬደው ሼል ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ በኤም4_ፓተርን_ፎርቢድ በፒኬጂ የሚጀምር ያልተፈታ ስም እንዳያልፍ ከለከልኩ። አሁን የጎደለው ነገር ገና ስክሪፕቱ ሲመነጭ በስሙ ይጠራል።

የቀሩት ከሌላ ቦታ ያመጣናቸው ማክሮዎች ናቸው። ኤሲ_ትራይ_ኮምፓይልን ወደ ኤሲ_ኮምፓይል_ኢፍኤልስ መቀየር አለብኝ። እዚያ ላይ የአራት ማዕዘን ቅንፎቹን በእጄ ነው የምቆጥራቸው፤ ከዚያ ለሐረሩ ልጅ እልክለትና በ2.69 ይሞክረዋል።