ባርኔጣው አሳሳተኝ

ኮንሰርቱ ሊጀመር 10 ደቂቃ ቀርቶታል። እኔ ግን የተሳሳተ ሕንፃ ውስጥ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ።

ቦታው ሴኡል አርትስ ሴንተር ነው፤ በከተማዋ ደቡብ፣ ኡምዮንሳን ተራራ ግርጌ። ስሙን ስትሰማ አንድ ቤት ይመስልሃል እንጂ ሰፊ ግቢ ነው። ኦፔራ ቤቱ፣ ኮንሰርት አዳራሹ፣ ሃንጋራም የሥዕል ሙዚየም፣ ሁሉም ለየብቻቸው ቆመዋል። ኮንሰርት አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የተከፈተው። ኦፔራ ቤቱ በ1993 ዘግይቶ መጣና ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ሆነ። ክቡ ጣሪያው የድሮ የኮሪያ ምሁራን ይደፉት የነበረውን «ጋት» የሚባል ባርኔጣ እንዲመስል የተሠራ ነው። እኔም ባርኔጣውን አይቼ ሰተት ብዬ ገባሁ። ትኬቴ ግን የኮንሰርት አዳራሹ ነበር።

ሮጬ ደረስኩ። ትኬት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ የለም። ደግማ ፈለገች፤ የለም። ኋላ ነው የበራልኝ። እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ነው የሚቀድመው። ትኬቴ ያለበት ኤንቨሎፕ በአባቴ ስም ተቀምጦ ኖሯል። ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ አንድም ቀን ኮንሰርት ገብቶ አያውቅም!

አዳራሹ ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። አስተናጋጇ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስክሪን ጠቆመችኝ። የተጀመረው ሙዚቃ ሳያልቅ ማንም አይገባም። «ቶሎ ብዬ ልግባ፣ እባክሽ» ብሎ ነገር አይሠራም። የመጀመሪያውን ሥራ ቆሜ በስክሪን አየሁት።

ወንበሬ ግን ካሰኝ። ትኬቱ አር፣ ኤስ፣ ኤ፣ ቢ እየተባለ ነው የሚሸጠው። ኤ አንደኛ ደረጃ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከበላዩ ሁለት ውድ ደረጃዎች አሉ። አብራኝ የምትማር ኮሪያዊት «አንተ ተማሪ ነህ፤ የመዘምራኑን ወንበር ግዛ» ያለችኝ ለዚህ ነው። ከኦርኬስትራው ጀርባ ያለ መቀመጫ ነው፤ መዘምራን በሌሉበት ምሽት በርካሽ ይሸጣል። ከመሪው ጋር ፊት ለፊት ትፋጠጣለህ። ቅንድቡን ሲያነሳ፣ ትንፋሹን ሲስብ ታያለህ። ከሥሬ ትልልቆቹን ከበሮዎች የሚመታው ሰውዬ ነበር። ሌሎቹ ሲጫወቱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቆዳው ላይ ሊያስነካ ምንም አይቀረው፣ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ይቃኛል። ክራር የሚቃኝ ሰው ትዝ አለኝ። ዘፋኝ ባለበት ምሽት ግን ይህን ወንበር ተወው። ድምፁ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አንተ የምታየው ጀርባ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ 2 ሰዓት ቀድሜ ወጣሁ። በ3ኛው የሜትሮ መስመር ናምቡ ተርሚናል ወርጄ፣ በ5ኛው መውጫ አድርጌ በእግሬ አዘገምኩ። መጀመሪያ ሃንጋራም ሥዕል አየሁ። ከዚያ ውጪ፣ በሙዚቃ የሚወዛወዘው ፏፏቴ ጋ ቁጭ ብዬ ኪምባፔን (በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ) በላሁ። ፏፏቴውን ማየት በነፃ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ባርኔጣውን ትቼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ሳልጠየቅ የአባቴን ስም ጠራሁ። ኤንቨሎፑ ወዲያው ወጣ።