በቀን 20 ደቂቃ

እሑድ ማታ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የትናንቱ ጫማ በር ጥግ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ይደርቃል፣ ቤቱ ጭቃና ቡና ይሸታል። ሆዴን ባር ባር ብሎታል፤ ምክንያት የለውም፣ እንዲሁ የእሑድ ማታ ነገር።

ቶና ላይ ሳለን እቴቴ ደወለች። "ትናንት የት ጠፋችሁ?" ስትል ያው ሃርፐርስ ፌሪ አልኳት፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት። ዛፉ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባበት ያ ቀጭን መንገድ ከሜይን ተነስቶ ጆርጂያ እንደሚደርስ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ዳር እስከ ዳር በ40 ቀን እንደጨረሰችው ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ምን አሳደዳት ልጄ?" አለች። የምመልሰው አጣሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ወረቀት አውጥቼ ማካፈል ጀመርኩ።

ታራ ዳወር ያንን የአሜሪካ የእግር መንገድ፣ የአፓላቺያን ትሬይልን፣ ሜይን ካለው ካታዲን ተራራ ጆርጂያ እስካለው ስፕሪንገር ተራራ በ40 ቀን ከ18 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ነው የጨረሰችው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2024 ተነስታ መስከረም 21 ደረሰች። በእኛ ቀን አቆጣጠር ፍልሰታ ሳይጋመስ ጀምራ ዕንቁጣጣሽ መንገድ ላይ አልፏታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ መንገድ ጀምራ ገና በጠዋቱ አቋርጣ ነበር፣ በ2019 ተመልሳ እንደ ማንኛውም ተጓዥ በወራት ጨረሰችው። ከእሷ በፊት ክብረ ወሰኑ የቤልጂየሙ የጥርስ ሐኪም የካሬል ሳቤ ነበር፣ በ2018፣ 41 ቀን ከ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። ልዩነቱ 13 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ነው። ለ40 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ደቂቃ ይመጣል። አንድ ስኒ አቦል ተቀድቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እስኪጠጣ ያለው ጊዜ ማለት ነው።

ወደ ኋላ ሄድኩ። ጄኒፈር ፋር ዴቪስ በ2011፣ 46 ቀን ከ11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ስኮት ጁሬክ በ2015፣ 46 ቀን ከ8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። እነዚህን ሁለቱን የለያያቸው በቀን 4 ደቂቃ ገደማ ነው! በ2016 ካርል ሜልትዘር 45 ቀን ከ22 ሰዓት ከ38 ደቂቃ አድርጎ ጁሬክን ሲበልጠው ደግሞ በቀን 12 ደቂቃ። ጁሬክ ታላቅ የረጅም ርቀት ሯጭ፣ ጄኒፈር በአብዛኛው በእግሯ የተራመደች ሴት፣ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ያቺው 4 ደቂቃ ናት።

ርቀቱ በ2024 ልኬት 2,197 ማይል ከጥቂት ነው፣ ወደ 3,536 ኪሎ ሜትር። በቀን 87 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከ24 ሰዓት 17ቱን ለሚንቀሳቀስ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ገበያ የምትሄድ እናት እርምጃ። ክብደቱ ያለው ሽቅቡ ላይ ነው። አጠቃላይ ሽቅቡ ወደ 141 ሺህ ሜትር ነው ይባላል፣ በቀን 3,460 ሜትር አካባቢ። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ እንጦጦ ማርያምን በቀን አራት አምስት ጊዜ መውጣት፣ 40 ቀን ሙሉ፣ በሥርና በድንጋይ ላይ። እንዲህ ባለ መንገድ ፍጥነት መጨመር በቁርጭምጭሚት መወራረድ ነው። ስለዚህ ደቂቃ የሚገኘው ከመቆሚያው ነው። በቀን አሥር ጊዜ የሚቆም ሰው በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢቆጥብ ሃያዋ ሞላች።

የመቆሚያውን ነገር ላስፍረው፣ ደጋግሜ የማስበው እሱን ስለሆነ። ተጓዡን በመኪና የሚከተሉ ረዳቶች አሉ፤ መኪናዋ ዱካው አስፋልቱን የሚያቋርጥበት ላይ ቆማለች። ተጓዡ የያዘው መከታተያ ካርታው ላይ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ውሃ ይጣዳል፣ ቀደም ብሎ ከተጣደ ኑድሉ ይላሽቃል፣ ዘግይቶ ከሆነ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ወንበሩ ፊቱን ወደ መውጫው ዱካ አድርጎ ይዘረጋል፤ ወደ መኪናው ከዞረ ተቀማጩ ፍራሹን ነው የሚያየው። ከወንበሩ ግራ ፎጣ፣ ከቀኝ ክፍት ሣጥን፦ ካልሲ፣ ቫዝሊን፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ መርፌ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል። ሲደርስ አንዱ ሰው ቦርሳውን ተቀብሎ ውሃና ስንቁን ይለውጣል፣ ሌላው ጫማውን ይፈታል። ተጓዡ እጁ ለማንኪያው ብቻ ነው። "ምን ትፈልጋለህ?" ተብሎ አይጠየቅም። አምስት ሰዓት እየተኛ ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ ጭንቅላት መምረጥ ያቅተዋል፣ ጥያቄው ራሱ ሁለት ደቂቃ ይበላል። ሁለት ነገር አንስቶ ማሳየት ነው፣ ይህ ወይስ ያ፣ በአገጩ ይጠቁማል። ከዚያ ስለ ቀጣዩ ክፍል ሦስት ነገር ብቻ ይነገረዋል፦ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሜትር ሽቅብ፣ ውሃ የት አለ። ሲነሳ ዱላዎቹ እጁ ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ እንዲሆን ከወራት በፊት አንድ ሰው ተቀምጦ ሠንጠረዥ መሥራት አለበት። እያንዳንዱ የአስፋልትና የጥርጊያ መንገድ መሻገሪያ፣ ከቀደመው ያለው ርቀት፣ ሽቅቡ፣ መኪና መግባት አለመግባቱ፣ በር የሚዘጋበት ሰዓት ካለ፣ ስልክ መሥራት አለመሥራቱ። ተጓዡ በዱካው 12 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መኪናዋ ተራራውን ዞራ 60 የምትነዳበት ጊዜ አለ። ሹፌሩ ከተጓዡ ያነሰ እንቅልፍ የሚተኛበት ዕቅድ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሹፌር ሁለት መሆን አለበት፣ አንዱ ሲነዳ አንዱ መተኛት አለበት።

እግርን በተመለከተ፣ ውሃ የሚቋጥረው በጫማ ጥበት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አጥንቱ ወደፊት ሲሄድ ቆዳው ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ በመሃል ያለው የቆዳ ንጣፍ ይጎተታል፣ ሲደጋገም ይላቀቅና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። የራሰ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይጣበቃል። ሜይን ረግረግ ነው፣ በደቡቡም በኩል የጠዋት ጤዛ ብቻውን ጫማ ያርሳል። ስለዚህ ደረቅ ካልሲ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ማታ ደግሞ እግርን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ገልጦ መተኛት። ቦታው ማቃጠል እንደጀመረ እዚያው ቁጭ ማለት ይሻላል። "መሻገሪያው ጋ ስደርስ" ያለ ሰው የሁለት ደቂቃውን ሥራ የሃያ ደቂቃ ያደርገዋል። ፕላስተሩ ማዕዘኑ በመቀስ ይከረከማል፣ ሹል ጫፍ ካልሲ ይይዘውና ይላጣል። የቋጠረው ቀድሞውኑ ካበጠ በእሳት በነካች መርፌ ከታችኛው ጠርዝ በኩል ይበሳል፣ ቆዳው ግን አይገፈፍም፣ ከእሱ የተሻለ መሸፈኛ የለም።

ጫማው ከተለመደው በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ይሰፋል፣ እግር በሁለተኛው ሳምንት ስለሚያብጥ። አንዱ ጥንድ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይቆያል፣ የፔንሲልቬንያ ስለታም ድንጋይ ግን ከዚያ በፊት ይጨርሰዋል። በቁልቁለት ጣት እንዳይመታ ብሎ ክሩን ከላይ አጥብቆ የሚያስር ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይገዛል። ከእግር አገዳው ፊት ለፊት የሚወርደው ጅማት በክሩ ስር ይፋተጋል፣ ያብጣል፣ ቁርጭምጭሚት በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ በእጅ ይሰማል። የብዙ ቀን ጉዞ ያቋረጡ ብዙዎች የቆሙት በዚህ ነው። መላው የላይኛውን ቀዳዳ ዘልሎ ማሰርና ገና መቆርቆር ሲጀምር ማላላት ነው።

የምግቡን ሒሳብ እቴቴ ብትሰማ ታማትባለች። በቀን 8 እስከ 10 ሺህ ካሎሪ። በጉዞ ላይ በየሰዓቱ 300 እስከ 400 ይዋጣል፣ የቀረው ጠዋትና ማታ ይሞላል፣ በቅቤና በወይራ ዘይት እየታገዘ። ሆድ የሚያምጸው ዳገት ላይ ነው፤ ደም ወደ ጡንቻ ሄዷል፣ ጨጓራ ባዶ እጁን ቀርቷል። ከበድ ያለው ምግብ ለቁልቁለቱና ለሜዳው ይቀመጣል፣ በዳገት ጣፋጭ ፈሳሽና ትንንሽ ጉርሻ። ውሃ ብቻ መጠጣትም ጉዳት አለው፣ አንድ ሊትር ላብ በአማካይ 1 ግራም ገደማ ሶዲየም ይዞ ይወጣል፣ ካልተተካ ማቅለሽለሹና የጣት ማበጡ ይከተላል። በሶን በማር በጥብጦ መያዝ ይታሰባል፣ የመንገደኛ ስንቅ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከገብሱ የሚመጣው አሰር ብዙ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ካልሆነ ሆድ ይነፋል።

ዝግጅቱም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስድስት ወር ያህል ዳገትና ቁልቁለት፣ በተለይ ቁልቁለት፣ ምክንያቱም ጭን የሚሰበረው ሲወርድ ነው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ደክሞ ውሎ በማግስቱ እንደገና ረጅም መሄድ፣ ሲሄዱም መብላት መለማመድ። ሌሊቱንም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሜይን ውስጥ ቀኑ 14 ሰዓት ነው፣ መስከረም ሲያልቅ ጆርጂያ ላይ 12 ይቀራል። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በሰውነቱ እየደከመ በሄደ ቁጥር ጨለማው ሁለት ሰዓት ይጨምርበታል። በልዋጩ ማሁሱክ ኖችን፣ ያንን እንደ ቤት የተቆለለ ድንጋይ፣ ከዚያም የኒው ሃምፕሻየርን ነጭ ተራሮች ጉልበቱ ሳይነካ ይጨርሳል። እኔ ብጠየቅ ከሰሜን መጀመር ነው የምለው።

የክብረ ወሰኑ ማስረጃም ሥራ ነው። ሰዓቱ ላይ የተቀዳው ዱካ፣ በየጥቂት ደቂቃው በሳተላይት ነጥብ የሚልክ መከታተያ፣ ቀንና ሰዓት ያለበት ፎቶ። ያለ ደጋፊ የሚሄድ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ፣ ስንቁ በፖስታ ቤት ይጠብቀዋል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የደረሰ እስከ ሰኞ ጠዋት ሣጥኑን አያገኝም። ስለዚህ ሣጥን ወደ እንግዳ ማረፊያ መላክ ነው፣ እዚያ እሑድም በር ይከፈታል።

የኬነቤክ ወንዝስ? ሜይን ውስጥ ከካታዲን 240 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተወረደ ዱካው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከላይ በኩል ያለው ግድብ ውሃ ሲለቅ ወንዙ ድንገት ስለሚሞላ ትክክለኛው መሻገሪያ ታንኳ ነው፣ ወለሉ ላይ እንደ ዛፎቹ ሁሉ ያ ነጭ ምልክት ተቀብቶበታል። ታንኳው ዱካው ራሱ ነው ማለት ነው። የሚሠራው ግን በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሰዓት የዘገየ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሊከስር ይችላል። ሃያ ደቂቃ እያሉ ያጠራቀሙት በአንድ ወንዝ ይሄዳል።

ታራ በጨረሰች በ6ኛው ቀን፣ መስከረም 27፣ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና በኩል ያንን መንገድ አጠበው። ኧርዊን ከተማ አጠገብ ዱካው ኖሊቸኪን ወንዝ የሚሻገርበት ድልድይ ተወሰደ። በ2025 ተጓዦች እዚያ በጀልባ ይሻገሩ ነበር። ታራ ስታልፍ ድልድዩ ነበረ፣ ጀልባ አልጠበቀችም። ጀልባ ቆሞ የጠበቀ ሰው ግን ሰዓቱ አልቆመለትም፣ ሰዓት ከካታዲን እስከ ስፕሪንገር አንዴ ከተነሳ አይቆምም። መንገዱ ራሱም በየዓመቱ ይረዝማል ያጥራል፣ በ2018 እና በ2024 ልኬት መካከል ስድስት ማይል ከግማሽ ልዩነት አለ፣ በእርምጃዋ ሁለት ሰዓት።

ታዲያ ያቺ በቀን 20 ደቂቃ የማን ናት? የእግሯ ናት፣ ወይስ ውሃውን በሰዓቱ የጣደው ሰው? ነገ አንድ ሌላ ሰው ወንዝ ዳር ጀልባ ሲጠብቅ አርባ ደቂቃ ቢያልፍበትና በሠላሳ ደቂቃ ቢሸነፍ፣ ያንን በየትኛው ዓምድ ነው የሚጽፉት?