ወልደ ሕይወትና የክሊቭላንዱ አዳራሽ

አገር ቤት ያሉ ጓደኞች ሲደውሉ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «በእረፍት ሰዓት ከፈረንጆቹ ጋር ስለ ምንድነው የምታወሩት?» ስለ ብርድ ይመስላቸዋል። ስለ ብርድም ይወራል፣ ስለ ሆኪም ይወራል። ቶሮንቶና አካባቢዋ መጋዘን ወይም ፋብሪካ የገባ ሐበሻ ግን ይዋል ይደር እንጂ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ስለ አንድ ባንድ ይጨቃጨቃሉ። ባንዱ የቶሮንቶው ራሽ ነው። ሦስት ሰው፣ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው የተወሳሰበ የሮክ ዓይነት፣ አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ጭቅጭቁ ደግሞ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ያለው፣ ታላላቅ ሙዚቀኞች የሚከበሩበት የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ለምን ያን ያህል በር ላይ አቆማቸው፣ ከገቡስ በኋላ ምን ተረፋቸው የሚል ነው። የገቡት በ2013 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ወሬው ዛሬም እንደ ትናንት ነው።

የአዲስ ገቢው ውርደት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሬዲዮ ላይ «ቶም ሶየር» የተባለው ዘፈናቸው ይመጣል። ሐበሻው እንግሊዝኛውን ለማሟሸት ያህል «ዘፋኟ ጎበዝ ናት» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ዘፋኙ ወንድ ነው! ጌዲ ሊ ይባላል፤ እየዘፈነ ቤዝ ጊታሩን የሚመታው እሱ ነው፣ ኪቦርዱን የሚነካው እሱ ነው፣ በእግሩ ፔዳል የሚረግጠውም እሱ ነው። በጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ያደገ ጆሮ እንዲህ ያለ ቀጭን የወንድ ድምፅ ከየት ይጠብቃል? ማንም ግን ይህን ሰበብ አይሰማም። ፎርክሊፍት ነጂው ሳይቀር ለሳምንታት «ዘፋኟ ደህና ናት?» እያለ ያልፋል። አሁን ነገሩን የባሰ የሚያወሳስበው፣ ጌዲ ሊና ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን በ2025 ወደ መድረክ እንመለሳለን ብለው ሲያስታውቁ ይዘዋት የመጡት ከበሮ መቺ ጀርመናዊት ናት፣ አኒካ ኒልስ። ስለዚህ «እሷ» ማለት ከፈለግህ በከበሮው በኩል ብቻ።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶች አሉ። በ1976 የወጣው ትልቁ አልበማቸው በቁጥር 2112 ተብሎ ይጻፋል፤ «ሁለት ሺህ አንድ መቶ ምናምን» ብለህ አትተርጉመው፣ «ትዌንቲ ዋን ትዌልቭ» ነው የሚባለው። የቶሮንቶ አየር ማረፊያ መለያ ፊደላት የሆነውን ዘፈን ደግሞ «ዋይ ዋይ ዜድ» በል። «ዚ» ካልክ አሜሪካዊ ነህ፤ እዚህ አገር ከዚያ የከፋ ስድብ የለም።

ስለ ጭቅጭቁ ለመናገር የአዳራሹን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከሚከራከሩት ግማሾቹ አያውቁትም። አንድ ባንድ ለመታጨት የመጀመሪያ ሥራው ከወጣ 25 ዓመት መሙላት አለበት። የራሽ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1974 ነው። ከዚያ አስሉት፤ አሥራ አራት ዓመት ያህል ደጅ ጠንተዋል። በሩ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው እጩዎችን የሚለይ ኮሚቴ ነው፤ አጭር ዝርዝር ያወጣል። ሁለተኛው ከሺህ የሚበልጡ ሙዚቀኞችና የሙያው ሰዎች ድምፅ የሚሰጡበት ነው። ራሽ የተያዘው በመጀመሪያው በር ነው። ከዓመት ዓመት ስሙ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም ነበር፤ የወጣ ዕለት በዚያው ዙር አለፈ። «እኛ በኢንተርኔት መርጠን አስገባናቸው» የሚል አድናቂ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲመርጥ የተፈቀደው ለ2013 ዙር ነው፤ ራሽም አንደኛ ወጥቷል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሰጠው ድምፅ ግን ተጨምቆ የሚቆጠረው እንደ አንድ የምርጫ ወረቀት ነው። ይህን ለአንዱ አድናቂ ብትነግረው ያኮርፍሃል፤ ቢሆንም ንገረው።

ለምን ተናቁ ለሚለው ሁሉም የራሱ መልስ አለው። የሚያሳምነው የጊዜው ተቺዎች ይህን ዓይነት ሙዚቃ ጉራ አድርገው ማየታቸው ነው፦ ረጅም፣ የተወሳሰበ፣ የማያስጨፍር። ከዚሁ ጎራ ባንዶች ፒንክ ፍሎይድ በ1996 ገብቷል፣ ጀነሲስ በ2010። ኪንግ ክሪምሰንና ጄትሮ ተል ግን ይህን ያህል ዘመን ኖረው አሁንም ውጭ ናቸው።

ሐበሻ ይህን ጨዋታ ሲሰማ ውስጥ ውስጡን ፈገግ የሚለው ወድዶ አይደለም። የራሳቸው አገር እኮ አክብሯቸዋል። የካናዳ የሙዚቃ ዝና አዳራሽ በ1994 አስገብቷቸዋል፤ ኦርደር ኦፍ ካናዳ የተባለውን ትልቅ የአገር ኒሻን ያገኘ የመጀመሪያው የሮክ ባንድም እነሱ ናቸው። ቢሆንም የጎረቤት አገር አዳራሽ ካላወቀን ብለው ይቆጫሉ። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ዲግሪውንና የልምድ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «የካናዳ ልምድ አለህ?» ሲባል የሚሰማው ይኸው ስሜት ነው፤ እነሱ የሚያውቁት በዘፈን በኩል ብቻ ነው። እኛም ብንሆን አናምርም። ሙላቱ አስታጥቄን በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ ከሰማን በኋላ ነው ስንቶቻችን «የእኛ ነው» ብለን የዘለልነው።

ከስደተኛ ልጅነት ጋር የተያያዘው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው ብዙም አያነሱትም። የጌዲ ሊ ወላጆች ከፖላንድ ናቸው፤ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ተርፈው ነው ካናዳ የገቡት። ሲወለድ የተሰጠው ስም ጋሪ ነበር። እናቱ በፖላንድ አነጋገር ሲጠሩት ለጓደኞቹ ጆሮ «ጌዲ» መሰላቸው፤ በዚያው ቀረ። እዚህ ገብረ እግዚአብሔር «ጌብ» ሆኖ፣ ትዕግሥት «ቲጂ» ሆና እንኖራለን፤ እዚያ ቤት ግን የእናት አክሰንት የእንግሊዝኛውን ስም አሸነፈ። የላይፍሰን ወላጆች ደግሞ ከዩጎዝላቪያ የመጡ ሰርቦች ናቸው። የአባት ስሙ ዚቮዪኖቪች ነው፤ ፈረንጅ አፍ ላይ አልዞር ቢለው ትርጉሙን ወደ እንግሊዝኛ አዞረው፤ ላይፍ ሰን፣ የሕይወት ልጅ። በእኛ ቋንቋ ወልደ ሕይወት መሆኑ ነው። ወልደ ሕይወት የሚባል ጊታሪስት አለ ብለህ ምሳ ሰዓት ላይ ብትናገር ዓይናቸው ይፈጣል፤ «ዘፋኟን» ያስረሳልሃል።

ራሽ የገቡበት የ2013ቱ ሥነ ሥርዓት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሚያዝያ ላይ ሎስ አንጀለስ ነው የተደረገው። ከአዳራሹ መሥራቾች አንዱ ያን ዌነር መድረክ ሲወጣ ታዳሚው ጮኸበት፤ «ከቶሮንቶ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ደግሞ አዳራሹ ተናጋ። ፉ ፋይተርስ ከተባለው የሮክ ባንድ ሁለቱና አንድ ፕሮዲውሰር የሰባዎቹን ልብስ ለብሰው፣ ዊግ አድርገው የ2112ን መግቢያ ተጫወቱ። በ2020 ያረፈው የባንዱ ከበሮ መቺ ኒል ፒርት ለዓመታት ይህ ነገር ግድ አይሰጠንም ስንል ነበር፣ ለካ ግድ ይሰጠናል የሚል ነገር ተናገረ። ሊም ተናገረ። ከዚያ ላይፍሰን ማይኩን ያዘና ንግግሩን በሙሉ «ብላ፣ ብላ፣ ብላ፣ ብላ» ብሎ ጨረሰው፤ በእንግሊዝኛ «ምናምን፣ ምናምን» እንደ ማለት ነው። ሌላ ቃል የለም። በእጁ፣ በፊቱ፣ በድምፁ መውጣትና መውረድ የባንዱን ታሪክ ተረከው፣ ስልክ ሲደወል፣ ሲደነግጡ፣ ሲያመሰግኑ።

አድናቂው ለሁለት የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ገሚሱ ያን ሁሉ ዓመት ያስጠበቀን አዳራሽ የሚገባውን መልስ ሰጠው ይላል፤ ገሚሱ አሥራ አራት ዓመት ለጠበቅን ለእኛ አንድ ምስጋና ይነፈገናል ወይ ይላል። ሐበሻ ግን ክሱንም መልሱንም አይሰማም፤ የሚሰማው «ብላ» የሚለውን ብቻ ነው። ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ቆሞ እንደ እናት «ብላ እንጂ፣ ብላ፣ አልበላህም እኮ» የሚል ሰው። ከቤት ርቆ፣ የቀዘቀዘ ሳንድዊች ይዞ ይህን ለሚያይ ሰው ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። በንግግር በኩል ግን ፍርዳችን ግልጽ ነው፦ «ክቡራንና ክቡራት» ተብሎ ተጀምሮ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን የአገር ቤት የምረቃ ንግግር የሰማ ሰው፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ «ብላ»ን አይቃወምም።

ክርክሩ ውስጥ ለመግባት የምትፈልግ ካለህ፣ ሻንጣህ ላይ ቦሌ ከሚለጠፈው ወረቀት ጀምር። ከሦስቱ ፊደላት ሁለቱ ዋይ፣ አንዱ ዜድ ናቸው። ራሽ ይህንኑ በሞርስ ኮድ፣ ማለትም ፊደልን በረጅምና በአጭር ድምፅ በሚያስተላልፈው የቴሌግራፍ ምልክት፣ መቱት፤ ፒርት በትንንሽ የነሐስ ሳህኖች ይጀምረዋል። ረጅሙን «ታ» በለው፣ ሁለት ቁጠር፤ አጭሩን «ቲ» በለው፣ አንድ ቁጠር። ዋይ «ታ ቲ ታ ታ» ነው፣ ሰባት። ሁለተኛው ዋይም ሰባት። ዜድ «ታ ታ ቲ ቲ» ነው፣ ስድስት። ድምሩ 20። የሚሳሳት ሁሉ የሚሳሳተው በአራት ለአራት ማጨብጨብ ስለሚጀምር ነው፤ 16 ላይ ጨርሶ አራት ይቀርበታል። የእኛ ትከሻ ደግሞ በችክችካ በስድስት ይወስደዋል፤ 18 ላይ ደርሶ ሁለት ይተርፈዋል፤ እስክስታው መሀል መንገድ ላይ ይሰበራል። ጠረጴዛው ላይ በጣትህ ቀስ ብለህ ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት እያልክ ለምደው። ሁለት ዙር ሳይዛነፍ ከመታህ፣ የቲም ሆርተንስ ቡናህን የሚከፍልልህ አታጣም።

ሙግቱን ማቀጣጠል ከፈለግህ ደግሞ ጆን ሩትሲን አንሳ። የመጀመሪያው አልበም ላይ ከበሮውን የመታው እሱ ነው፤ በዚያው በ1974 ለቀቀና ፒርት ተተካ። በ2008 አረፈ። በ2013 የተጠሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። 25 ዓመቱ የተቆጠረው ግን እሱ ከመታበት አልበም ጀምሮ ነው። የስ የተባለው የእንግሊዞቹ ባንድ በ2017 ሲገባ ስምንት ሰው ነው የተጠራው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው ቤዚስታቸው ክሪስ ስኳየርም አልቀረም፤ በእሱ ቦታ ቆሞ ቤዙን የመታው ጌዲ ሊ ራሱ ነበር። «ታዲያ ሩትሲስ?» ብለህ ጠይቅ። ከመጠየቅህ በፊት ግን ምሳህን አሙቀህ ጨርስ፤ ለእረፍት የሚሰጥህ ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ለመልሱ አይበቃም።