ፍሬን ይዘሽ ነው ወይስ ሳትይዢ?

ሴትየዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሰላም እንኳን አላለችኝም። ሳይክሏን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ጓንቷን እያወለቀች «ያው ነው» አለችኝ።

ቦታው ዊስለር ነው፤ ካናዳ፣ ከቫንኩቨር በስተሰሜን። በበረዶው ጊዜ ስኪ ተጫዋቾችን የሚያወጣው ሊፍት ሰመር ላይ ሳይክል ጭኖ ይወጣል። ሰው ከላይ ቁልቁል ይለቀዋል፣ ማታ ላይ የተረፈውን ለእኛ ለሳይክል ጠጋኞቹ ያመጣል። እሷ ሃምሳዎቹን ያለፈች ናት፤ ግን ኤ-ላይን የሚባለውን መንገድ በቀን አራት አምስቴ ትወርደዋለች። ሳይክሏ አሮጌ ነው። የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ በአንድ ማጠፊያ ብቻ የሚወዛወዝ፣ 200 ሚሊ ሜትር የሚተጣጠፍ፣ የድሮ ጠንካራ ብረት።

ቅሬታዋ አንድ ነው። «መታጠፊያው አፍ ላይ፣ ኮሮኮንቹ ጋ ስደርስ ኋላው ድንጋይ ይሆናል። እግሬን ከፔዳሉ ያነሳዋል።»

እኔ ደግሞ በሾክ ሥራ ጉራ ቢጤ አለብኝ። መጀመሪያ ሞላውን በለስላሳ ቀየርኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ሾኩ ቶሎ እንዲመለስ አደረግኩት። ከዚያም አልፌ ሾኩን ፈታሁት፤ ዘይቱንም ጎሚኒውንም ቀየርኩ። ያው ነው።

ጥግ ላይ ወለል የሚጠርግ ልጅ ነበር። አውስትራሊያዊ፣ 19 ዓመቱ፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ። መጥረጊያውን ሳይለቅ «ፍሬን ይዘሽ ነው ወይስ ሳትይዢ?» አላት።

«አንተ ጥረግ» አልኩት።

እሷ ግን ሰምታዋለች። «ይዤ ነው እንጂ! ኮሮኮንቹን የፈጠረው እኮ ሁሉም ሰው እዚያች ቦታ ፍሬን መያዙ ነው» አለች። ለልጁ እየመለሰች የምታየው ግን እኔን ነበር። ጆሮዬ ጋለ።

ሳይክሉን ሰቀልኩት። ሞላውን አወጣሁ፣ የኋላ ፍሬኑን በላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት። ጎማው የሚነፋበትን ቫልቮላ እንደ ሰዓት ቆጣሪ 12 ቁጥር ላይ አቆምኩና ጎማውን በእጄ ወደ ላይ ገፋሁት። ቫልቮላው አብሮ ዞረ፤ 1 ቁጥር አካባቢ ደረሰ። ጎማውና ክንዱ አንድ አካል ሆነዋል ማለት ነው። ካሊፐሩ፣ ማለትም የፍሬኑ መንጋጋ፣ ክንዱ ላይ ስለታሰረ፣ ዲስኩን ሲነክስ የጎማው መዞር ክንዱን ይዞት ይነሳል። ኋላው ቁጢጥ ይላል። ሞላው ገና እብጠቱ ሳይመጣ ተጨንቋል፤ ለኮሮኮንቹ የሚሆን አቅም የለውም።

ልጁ ጠጋ አለ። «ይሄ ቀዳዳ የምንድነው?» ፍሬሙ ላይ፣ ከማጠፊያው በላይ፣ ባዶ የብሎን ቀዳዳ አለ። ንጹሕ። በቅርቡ የተፈታ።

የሥራ ካርዶቹን አገላበጥኩ። ሚያዝያ። «ዘንጉ ይንኳኳል፤ ኩሽኔታው አልቋል። ዘንጉ ወጥቷል፤ ካሊፐሩ ክንዱ ላይ ታስሯል።» የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ፊርማውም የኔ። እንደውም ያን ጊዜ «ቀለለልሽ፣ ጩኸቱም ጠፋ» ብያት ቢራ ጋብዛኛለች።

ያ ዘንግ ጌጥ አልነበረም። ካሊፐሩ አክሱ ላይ እንደልቡ በሚዞር ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ ሳህኑን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ዘንጉ ነው። የፍሬኑ ጉልበት በዘንጉ ወደ ፍሬሙ ይሄዳል፣ ክንዱን አይነካውም። ኮና የተባለው የሳይክል ፋብሪካ «ዶፕ» እያለ ይሸጠው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሞተር ሳይክሎች ላይ ነበር። ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ነገሩን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ኦስትሪያዊው ሆርስት ሌይትነር ባመጣው የማጠፊያ አሠራር ካሊፐሩ የሚቀመጠው ማጠፊያው ካለበት ዋና ክንድ ላይ ሳይሆን በላይኛው ላይ ነው። ትሬክ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ማጠፊያውን አክሱ ላይ አምጥቶ አስቀመጠው። ስለዚህ የ19 ዓመት ልጅ ዘንግ የት ያውቃል ብዬ ነበር። አባቱ ጋራዥ ውስጥ ሁለት እንደዚህ ያለ ሳይክል ተሰቅሏል አሉ።

ዘንጉ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ኩሽኔታውን ቀይሬ መለስኩት። እንደገና ፍሬን አስሬ ገፋሁ፤ ቫልቮላው 12 ላይ ቀጥ አለ። ልጁ አፏጨ። ሂሳብ አልተቀበልኳትም።

በሦስተኛው ቀን መጣች። «ኮሮኮንቹ ላይ ቅቤ ሆኗል» አለች። ደረቴን መንፋት ስጀምር፣ «ግን ገደሉ ላይ አፍንጫዋን ትደፋለች። የምገለበጥ ነው የሚመስለኝ» ብላ ጨመረች።

እውነቷን ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊቱ ሾክ ይሰምጣል። ያ ስሰድበው የነበረው ቁጢጥ ማለት ኋላውንም አብሮ ዝቅ እያደረገ ሳይክሉን ሚዛኑ ላይ ያቆየው ነበር። አሁን ፊቱ ሲሰምጥ ኋላው ይነሳል።

«ዘንጉን አውጣልኝ» አለች።

«ኮሮኮንቹስ?»

«ችዬዋለሁ።»

ልጁ ከመጥረጊያው ጀርባ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዘንጉ አሁንም ከጠረጴዛዬ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

በሳምንቱ አንድ ሰውዬ መጣ። ኋላው ደረቀብኝ አለ። ትምህርት ቀስሜያለሁና፣ ልጁ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፍሬን ይዘህ ነው ወይስ ሳትይዝ?» አልኩት። ሰውዬው ግራ ገባው። «ሁልጊዜም ነው። ፍሬኑ ምን አገባው?» እኔ ግን ሳይክሉን ሰቅያለሁ፣ ሞላውን አውጥቻለሁ፣ ፍሬኑን በላስቲክ ጠፍሬያለሁ።

ሰውዬው ነዳጅ ማደያ ገብቶ ጎማውን 60 ፒኤስአይ አስነፍቶ ነው የመጣው። የእኛ ሰዎች ከ30 ብዙም አያልፉም።

ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ያደረገው ልጁ ነው።