ናክሶስ ላይ ያስቀረን ንፋስ

መሄዱ ቀላል ነው። ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ፒሬየስ ወደብ ድረስ በሜትሮ አንድ ሰዓት ገደማ። ከዚያ ናክሶስ ደሴት ድረስ በትልቁ መርከብ አምስት ሰዓት ተኩል። አጊያ አና በሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ ክፍል ይዘን ነበር፤ ባሕሩም አሸዋውም ልጆቼን አስደስቷቸዋል። የምጽፈው ስለ መመለሻው ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ!

መልቴሚ ይሉታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኤጅያን ባሕርን ከሰሜን የሚመታ ንፋስ ነው። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ይነሣል። እኔ ደግሞ ማዕበል የሚመጣው ከደመናና ከዝናብ ጋር ይመስለኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አሸዋው የልጆቹን ቅልጥም ሲገርፍ፣ ፎጣችን ሲበር፣ "ሙቀቱን አበረደልን" ብዬ ደስ አለኝ።

በመመለሻችን ዋዜማ ትኬት ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጅቷ ቀና እንኳን ሳትል "ችግር የለም" አለችኝ። ጠዋት ወደቡ ስንደርስ ያው ቢሮ መስታወት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አፓጎሬፍቲኮ፤ መርከብ እንዳይወጣ ተከልክሏል ማለት ነው። ትንበያው ከትናንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። ስልኬ ላይ ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። በእሷም በራሴም እስካሁን እናደዳለሁ።

ፖርታራ የሚባለው፣ ያላለቀው የአፖሎ ቤተ መቅደስ የእብነ በረድ በር፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ይታያል። ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ማዕበሉ እየዘለለ ያጥበዋል። ትንሹ ልጄ ሻንጣ ላይ ተኛ። በጣቶቹ መሀል አሸዋ ነበር። ወደ ፍራንክፈርት የሚሄደው አውሮፕላናችን ማታ 4 ሰዓት ላይ ጥሎን በረረ።

የመርከቡ ትኬት ተመልሶልኛል። የሆቴሉን ግን ራሴ ቻልኩ፤ ምክንያቱ አየር ጠባይ ከሆነ አይከፍሉም። አውሮፕላኑን ለብቻ ስለቆረጥኩት በእሱም የሚጠየቅልኝ አልነበረም። ለሦስታችን አዲስ ትኬት 640 ዩሮ ወጣ። አልጋ ደግሞ ጠፋ፤ ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል ኦገስት 15 አክብረው ደሴቱ ገና እንደሞላ ነው። የእነሱ ጾም ተፈቷል፣ የእኛ ፍልሰታ ገና ነው። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት "ኒስቲሲማ" ስላት፣ የጾም ማለት ነው፣ ሳታንገራግር ትልልቁን ባቄላ በቲማቲም ሠርታ አቀረበችልን። እሷን አልረሳትም።

ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደብ ድረሱ ይላሉ። እኔ የምላችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አቴንስ ግቡ፤ በነሐሴ ከሆነ ሁለት ቀን። የመጨረሻውን ሌሊት ደሴት ላይ አትደሩ። ፈጣኖቹን ጀልባዎች አትመኑ፣ ንፋስ ሲበረታ መጀመሪያ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ትኬት ሻጭ አትጠይቁ። የንፋሱን ኃይል የሚለካውን የቦፎርት ቁጥር ራሳችሁ እዩ፤ ለነገ 7 ካለ ዛሬውኑ ባገኛችሁት መርከብ ውጡ።

በማግስቱ ማታ ንፋሱ ቀለል ብሎ ተሳፈርን። ልጆቹ የመርከቡ ምንጣፍ ላይ ተኙ። እኔ እስከ ፒሬየስ ዓይኔን ሳልከድን ቁጭ ብዬ ነጋ።