እንቁላል ብዬ የተረጎምኩት ሰው

በሴኡል ከተማ በአስተርጓሚነት መሥራት በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ለአጭር ሥልጠና ከኢትዮጵያ የመጡ 11 የግብርና ባለሙያዎችን እንዳግዝ ተመድቤ ነበር። ሁሉም ጿሚዎች ስለነበሩ ከሥልጠናው ቃላት ይልቅ ያስጨነቀኝ የምሳቸው ጉዳይ ነበር፤ በኮሪያ ገበታ ላይ ፍስኩ ሁልጊዜ ለዓይን አይታይምና። የአትክልት ሾርባ ነው የሚባለው እንኳ ትንንሽ የደረቁ ዓሣዎች ተቀቅለው በወጡበት ውኃ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምግብ ቤት ከመግባታችን በፊት የምግብ ዝርዝሩን ወደ አማርኛ መልሼ፣ ከእያንዳንዱ ጎን «ጾም» ወይም «ፍስክ» ብዬ እየጻፍኩ አድላቸው ነበር።

የዚያን ቀኑን ዝርዝር የተረጎምኩት አውቶቡስ ውስጥ፣ ከስልኬ ላይ ፎቶውን እያየሁ ነው። አንደኛው ምግብ «ማትጃራል ሳንቼ ቢቢምባፕ» ይላል። ሳንቼ በተራራ የሚበቅል ቅጠላ ቅጠል፣ ቢቢምባፕ ደግሞ ከአትክልትና ከቃሪያ ድልህ ጋር ተደባልቆ የሚበላ ሩዝ መሆኑን አውቃለሁ። «ማትጃራል» የሚለው ግን አዲስ ሆነብኝ። በሦስት የኮሪያ ፊደላት የተጻፈ በመሆኑ ነጣጥዬ አነበብኩት፦ «ማት» ጣዕም፣ «ጃል» በደንብ፣ «አል» እንቁላል። የዓሣ እንቁላል ሾርባቸውን «አልታንግ» ሲሉት ስለምሰማና ቢቢምባፕም ብዙ ጊዜ ከላዩ የተጠበሰ እንቁላል ስለሚደረግበት፣ ማንንም ሳልጠይቅ «ጣፋጭ እንቁላል ያለበት ሩዝ፤ ፍስክ» ብዬ ጻፍኩ። ኪምቺውን ደግሞ በበርበሬ የተብላላ ጥቅል ጎመን ነውና «ጾም» አልኩት።

እንግዶቼ ወረቀቱን አምነው ቢቢምባፑን ተዉትና ነጭ ሩዝ፣ የአኩሪ አተር በቆልትና ኪምቺ አዘዙ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አባት ኪምቺውን በማንኪያ ጫፍ ቀመስ አደረጉ፣ ጥቂት ዝም ብለው አኘኩ፣ ከዚያም ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህን ጎመን ዓሣ ነክቶታል» አሉኝ። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አፍ በሚያቃጥል ምግብ ውስጥ ይህን መለየታቸው አላሳመነኝም ነበር፤ ቢሆንም የጾም ነገር ነውና ሌሎቹ እንዲቆዩ ነግሬ ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ።

ምግብ የሚሠሩት ሴትዮ፣ በዚያ አገር ልማድ ደንበኛው ሁሉ «ኢሞ»፣ ማለትም አክስቴ፣ የሚላቸው ናቸው። ኪምቺው ሲዘጋጅ በጨው የቆየ ሽሪምፕ የሚባል ትንንሽ የባሕር እንስሳና የዓሣ መረቅ እንደሚገባበት ሳያመነቱ ነገሩኝ። ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት የሌለው በመሆኑ እነዚህ ሰዎች በጾሙም በፍስኩም የማይበሉት ነገር ነው። ማን እንዳወቀው ሲጠይቁኝ ወደ አባታችን አመለከትኩ። ኢሞ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ፣ ፊታቸው ቆመው አውራ ጣታቸውን አነሡና «አቦኒም፣ ማትጃራል!» አሉ። አቦኒም አባት ለሆነ ሰው በአክብሮት የሚባል ነው። ሁለተኛው ቃል ግን አውቶቡስ ውስጥ እንቁላል ያልኩት ራሱ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ቃሉን አሳየኋቸው። «ማስል ጃል አንን ሳራም»፣ ማለትም ጣዕምን በደንብ የሚያውቅ ሰው፣ የሚለው አጥሮ እንደሆነ አስረዱኝ፤ «አል» እንቁላል ሳይሆን «አልዳ»፣ ማወቅ፣ ከሚለው ግስ የተወሰደ ነው። የኮሪያ ወጣቶች እንዲህ እያሳጠሩ ማውራት ይወዳሉ፤ የዶሮ ጥብስና ቢራን «ቺሜክ»፣ በረዶ ያለበትን አሜሪካኖ ቡና «አአ» ይሉታል። ጣዕም የማያውቀውም «ማዳልሞት» የሚል የራሱ ስም አለው። ምግብ ቤቱ ያንን ስያሜ የሰጠው ጣዕም የሚያውቁ ሰዎች የሚመርጡት ምግብ ነው ለማለት ነበር፤ ደግሞም በዚያ ቤት ሳንቼ ቢቢምባፕ ያለ እንቁላል የሚቀርብ ነውና፣ ፍስክ ብዬ ያስተውኳቸው ከዝርዝሩ ሁሉ ለጾም የሚስማማቸውን ምግብ ነው።

ወደ ገበታው ተመልሼ የሆነውን ሳልደብቅ ተናገርኩና ሁሉንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ኢሞ ኪምቺውን አንሥተው፣ ድልሁና ዘይቱ ምን ምን እንዳለበት አንድ በአንድ አስረድተውኝ፣ 11 ሳህን ቢቢምባፕ አመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝርዝር የምተረጉመው ወደ ወጥ ቤቱ ደውዬ፣ የማላውቀውን ቃል ከሠሪው አፍ ሰምቼ ነው።

«ሴትዮዋ ምን ብለው ጠሩኝ?» አሉኝ አባታችን ሩዙን እያደባለቁ። ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። «ባለሙያ» እንዳልል፣ የእኛ ቃል የሚያሞግሰው አብሳዩን እንጂ ቀማሹን አይደለም። ኮሪያውያንም ምርጥ ምግብ እየፈለገ ለሚበላ ሰው «ሚሺክጋ» የሚል መደበኛ ቃል አላቸው፤ ማትጃራል ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በቀዝቃዛ መረቅ የሚቀርበውን ኑድል፣ የኔንግምዮንን መረቅ፣ ኮምጣጤና ሰናፍጭ ሳይጨምር አስቀድሞ የሚቀምሰውን የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛም በዚህ ቃል ሊጠሩት ይችላሉ።

«ጣዕም ዐዋቂ ነዎት ነው የሚሉት፣ አባቴ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ» አሉና፣ በማንኪያቸው አንዱን ቅጠል ለይተው አንሥተው «የዚህንስ ስም ጠይቂልኝ» አሉኝ።